የአስተርጓሚዋ ጉሮሮ

ዲንኪቱ ዲሪባ ቁጭ ብሎ ማሰብ አይሆንላትም። ነገር ሲከብዳት ትነሳለች፤ ግቢዋ ውስጥ ወዲህ ወዲያ ትላለች፤ ግቢው ሲጠባት ትወጣለች። የነገሌ ቦረና ሰው ሻርፗን አንገቷ ላይ ጠምጥማ በዚያ ቀይ አቧራ ላይ ስትገሰግስ ሲያያት «ዛሬ ደግሞ የማን ጉዳይ ነው ዕረፍት የነሳት?» ይባባላል። ባሏ ሙሉነህ፣ የጂኦግራፊ መምህሩ፣ ከተጋቡ ጀምሮ ለምዶታል። ምሳ ቀርቦ እሷ ቆማ ስትጎርስ «ወንበሩ አይነክስም እኮ» ይላታል። ትስቅና ቆማ ትጨርሳለች።

ሥራዋ አስተርጓሚነት ነው። ማንም አላስተማራትም፤ የተወለደችበት ቤት ነው ያወረሳት። አባቷ ዲሪባ ከብት ነጋዴ ነበር። እናቷ ብዙወርቅ ደግሞ ከሰሜን መጥቶ ነገሌ ጦር ሰፈር የቀረ የሃምሳ አለቃ ልጅ ናት። የአባቷ ዘመዶች አማርኛ አይሰሙም፤ የእናቷ ዘመዶች ኦሮምኛ ከሰላምታና ከገበያ አያልፍም። ሁለቱ ወገኖች ለሠርግም ለለቅሶም አንድ ቤት ሲገናኙ መሐል የምትቆመው ዲንኪቱ ነበረች። ሶማልኛውን ደግሞ ከጎረቤት ልጆች ጋር ስትጫወት ለቀመችው።

ነገሩ የምር የሆነባት ግን በግንቦት 1983 ነው። ያኔ ሃያ ዓመት እንኳን አልሞላትም። መንግሥት ወደቀ ተባለ፤ ጦር ሰፈሩ ባዶ ሆነ፤ ወታደሩ በቡድን በቡድን እየሆነ ወደ ሞያሌ፣ ከዚያም ወደ ኬንያ መጉረፍ ጀመረ። አባቷ ከብቶቹን ከከተማው ወጣ ብሎ በሚያጠጣበት ኩሬ ዘንድ ጥቂት ወታደሮች ደረሱ። ጠምቷቸዋል፤ ፈርተዋል፤ ጠብመንጃቸውን ግን አልጣሉም። ኩሬውን የከበቡት ቦረናዎችም እንደዚያው ፈርተው፣ እንደዚያው ታጥቀው ቆመዋል። ከወታደሮቹ አንዱ ወደ ዲንኪቱ ዞሮ «ውሃ ካልሰጣችሁን እንተኩሳለን በያቸው» አላት። ቃሉን ልታለዝበው ፈልጋ ነበር። ግን ቀለል አድርገው ሰምተው ቢያሾፉበትስ? ብላ ፈራችና እንዳለ ነገረቻቸው። አንድ አዛውንት ወታደሩን ከላይ እስከ ታች አዩትና «መጀመሪያ ይጠጣ። መተኮሱን ከጠጣ በኋላ ያስብበት» አሉ። ይህንንም እንዳለ አደረሰችው። ወታደሩ ጠብመንጃውን አውርዶ ተንበረከከና ጠጣ።

ከዚያ ወዲህ በሰው ቃል ላይ ምንም ጨምራ፣ ምንም ቀንሳ አታውቅም። ፍርድ ቤቱ በኦሮምኛ መሥራት ሲጀምር፣ አማርኛ ብቻ ለሚያውቀው ሾፌርና ነጋዴ፣ ሶማልኛ ለሚናገረው አርብቶ አደር እንድታስተረጉም ተቀጠረች። ድምጿ ወፈር ያለ፣ ሳትጮህ ኋላ ወንበር ድረስ የሚደርስ ነበር። አንድ ጊዜ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ተናዶ ዳኛውን ሰደበ። ዲንኪቱ ስድቡን በዚያ ረጋ ባለ ድምጿ፣ ጥርት ባለ ኦሮምኛ፣ እስከ መጨረሻው ቃል አስተላለፈችው። ዳኛው መነጽራቸውን አውልቀው «ወይዘሮ ዲንኪቱ፣ ይሄ የእርስዎ ነው የእሱ?» አሉ።

«የእሱ ነው፣ ክቡር ፍርድ ቤት። እኔ የለሁበትም።»

ከተማው በዚህ ወሬ ለወራት ሲስቅ ከረመ።

እንቅርቱ ቀስ ብሎ ነው የመጣው። መጀመሪያ ሻርፕ ሸፈነው። ቀጥሎ ሻርፑ ላይ ሌላ ሻርፕ ተደረበ። በጀርባዋ ስትተኛ ደረቷ ላይ ሰው የተቀመጠባት ይመስላት ጀመር፤ ትነሳና ትራመዳለች። ሙሉነህ «ሐኪም ይየው» ባላት ቁጥር ሥራ ይበዛባታል። ምክንያቱን ያውቃል፤ አንድም ቀን ግን አፍ አውጥቶ አልተናገረውም። ምክንያቱ ሸምሳ ናት።

ሸምሳ የግመል ወተት ነጋዴ ናት፤ ከዲንኪቱ ጋር አብረው ነው ያደጉት። ከዓመታት በፊት ሌላ ከተማ ሄዳ እንቅርቷን አስወጥታ ተመለሰች። አንገቷ አማረ፤ ድምጿ ግን እዚያው ቀረ። ጆሮን አፏ ዘንድ ካላስጠጉ የማይሰማ ትንፋሽ ብቻ ነው የሚወጣላት። ድሮ ገበያውን በጩኸቷ የምታደምቀው ሴት፣ አሁን ደንበኛ የምትጠራው ጀሪካኑን በማንኪያ እየመታች ነው። ዲንኪቱ ያ ድምፅ ከሩቅ ሲሰማት እጇ ሳታውቀው ወደ ጉሮሮዋ ይሄዳል። ሸምሳ ድምጿን አጥታም ወተት ትሸጣለች፤ አስተርጓሚ ድምጿን ካጣች ምን ትሸጣለች?

በመጨረሻ የነገሌ ሐኪም አያት። የራጅ ፎቶውን ብርሃን ላይ ይዞ «ከላይ የሚታየው ትንሹ ነው። ወደ ታች፣ ከደረት አጥንትዎ ኋላ ወርዷል። የአየር ቧንቧዎን እየገፋው ነው። አዲስ አበባ ሄደው መሠራት አለብዎት» አላት። «እሺ» ብላ ወጣች። አልሄደችም። ክረምቱ አለፈ፤ በጋው ገባ፤ እሷ ከችሎት ወደ ስብሰባ፣ ከስብሰባ ወደ ችሎት ትሮጣለች። የቆመች ዕለት የሚይዛት ይመስል።

የያዛት ፊልቱ ላይ ነው።

በግጦሽ የተጣሉ ሁለት መንደሮች ሊታረቁ ፊልቱ ከተማ ተሰብስበው ነበር፤ አንዱ ወገን ሶማልኛ፣ ሌላው ኦሮምኛ ተናጋሪ። ዲንኪቱ እንድታስተረጉም ተጠርታ ሄደች። ሙቀቱ የአዳራሹን ቆርቆሮ ያንጣጣዋል። በጠቡ ልጃቸው የሞተባቸው ሽማግሌ ዓብዱልወሃብ ተነሱና በሶማልኛ ተናገሩ። ንግግራቸው አጭር ነበር፦ ልጄን የገደለውን ሰው ይቅር ብያለሁ አሉ። ዲንኪቱ ወደ ኦሮምኛ መመለስ ጀመረች። በኦሮምኛም እንደ አማርኛው ማሰሪያ አንቀጹ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። «ልጄን የገደለውን ሰው...» አለችና ትንፋሿ ተቋረጠ።

አየር ስባ አጣች። አፏን ከፈተች፤ ምንም የለም። ወዲያ ማዶ የተቀመጡት ሰዎች «ልጄን የገደለውን ሰው» የሚለውን ሰምተው ቀሪውን ይጠብቃሉ። አንዱ ተነሳ። ሌላውም ተነሳ። ሽማግሌው ይቅርታቸው ያልተወደደላቸው መስሏቸው ፊታቸው ጠቆረ። ዲንኪቱ ሁለት እጇን ዘርግታ «ቆዩ፣ ቆዩ» ለማለት ትታገላለች፤ የሚወጣው ግን ፉጨት ነው። ከኋላ ሁለቱንም ቋንቋ የሚያውቅ አንድ የመኪና ረዳት «ይቅር ብያለሁ ነው ያሉት! ይቅር ብያለሁ!» ብሎ ባይጮህ ኖሮ የዚያ ቀን መጨረሻ ምን እንደሚሆን እንጃ።

ውጪ አውጥተው ጥላ ሥር አስቀመጧት። ትንፋሿ ሲመለስላት ተነሳች። በመኪናው ዙሪያ ዞረች፤ ደግማ ዞረች። ነገሌ ስትደርስ ለሙሉነህ «እሄዳለሁ» አለችው። እሱ ወዲያው ሻንጣ አወረደ።

አዲስ አበባ የተቀበላት ቀዶ ሐኪም ዶክተር አምሀ ይባላል። ረጅም፣ ቀጠን ያለ፣ ሲናገር ቃል የሚመርጥ ሰው ነው። ዲንኪቱ ወዲያው ወደደችው፤ ለመተርጎም የሚመች ሰው ሆኖ አገኘችው። ገና ከመቀመጡ «ጓደኛዬ በዚህ ኦፕራሲዮን ድምጿን አጥታለች። እኔ በድምፄ ነው እንጀራ የምበላው። ሳያባብሉ ይንገሩኝ» አለችው።

ነገራት። የድምፅ አውታርን የሚያንቀሳቅሱ ሁለት ነርቮች አሉ፤ አንዱ በቀኝ፣ አንዱ በግራ፣ በእንቅርቱ ጀርባ ተጠግተው ያልፋሉ። ክር ያክላሉ። በደምና በሥጋ መሐል ከሌላው ለይቶ ማየት ከባድ ነው፤ እንደ እሷ ያለ ትልቅ እንቅርት ደግሞ ከቦታቸው ገፍቶ ያልተጠበቀ ቦታ ያኖራቸዋል። «ጓደኛዎን የሠራው ሐኪም ቸልተኛ ነበር ማለት አልችልም» አለ። «ያላየውን ነው የነካው።»

ከዚያ ኮምፒውተሩን ወደ እሷ አዞረና አንድ ቪዲዮ ከፈተ። የተከፈተ የሰው አንገት ነው። ሙሉነህ ፊቱን አዞረ፤ ዲንኪቱ ተጠግታ አየች። ሁሉም አንድ ዓይነት ቀይ ነው። «አሁን መብራቱ ሲቀየር ይመልከቱ» አላት። ሥዕሉ ጨለመና በጨለማው መሐል አረንጓዴ መስመር በራ፤ ሄዶ ሄዶ እንደ ቅርንጫፍ ተከፈለ። ከኦፕራሲዮኑ ሰዓታት ቀደም ብሎ በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት አለ፤ መድኃኒቱ ነርቩ ላይ ይቀመጣል፤ ሰማያዊ መብራት ሲያርፍበት ያበራል፤ በልዩ ካሜራ ይታያል።

«ስለዚህ አይነካም?» አለች።

«እንደዚያ አላልኩም። ገና ጥናት ላይ ነው። ፊት ላይ ባሉት ነርቮች ጥሩ አሳይቶናል። የእርስዎ ግን ጠለቅ ያለ ነው፤ ሥጋ የሸፈነውን መብራቱ ዘልቆ አያሳይም። ሊረዳን ይችላል፤ ላይረዳንም ይችላል። ባይፈልጉም በተለመደው መንገድ እሠራዎታለሁ።»

«ላስብበት» ብላ ወጣች። የዲንኪቱ ማሰብ ደግሞ በእግር ነው። ኮሪደሩን ጨረሰች፤ ደረጃውን ወረደች፤ ሕንፃውን ዞረች። ተኝታ እንድትጠብቅ አልጋ ሰጥተዋት አልጋው አልተነካም። በማግሥቱ ሙሉነህ ምሳ ሊገዛ ወጣ ባለበት ሻንጣዋን አነሳችና ወደ ውጪው በር ሄደች። ለምን እንደምትሄድ ብትጠየቅ አታውቀውም። እግሯ ነው የወሰዳት።

በሩ ጋ ስትደርስ አንዲት ነርስ ከኋላዋ እየሮጠች መጣች። «እማማ፣ የነገሌዋ አስተርጓሚ እርስዎ ነዎት? ኦሮምኛ የምትችለዋ ባልደረባችን ዛሬ ፈረቃዋ አይደለም። አንድ አባት አሉ፣ ከተልተሌ የመጡ፤ የምንላቸውን በደንብ መረዳታቸውን እንጃ። ነገ ነው ኦፕራሲዮን የሚደረጉት።»

ሥራ ስትባል እምቢ ብላ አታውቅም። ሻንጣዋን ዘበኛው ዘንድ አስቀምጣ ተከተለቻት።

ሰውየው ዋሪዮ ይባላሉ። ሽማግሌ ናቸው፤ ከግራ ጆሯቸው ሥር የሎሚ ያህል እብጠት ወጥቷል። አልጋው ጫፍ ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። «ናጋ ጅርቱ፣ አባ?» ስትላቸው ፊታቸው ፈታ አለ። የከብቱን ናጋ፣ ማለትም ሰላሙን፣ የዝናቡን ናጋ፣ የመንገዱን ናጋ ተጠያየቁ። ዶክተር አምሀ ሰላምታው እስኪያልቅ ቆሞ ጠበቀ።

ከዚያ ሐኪሙ ይናገራል፤ ዲንኪቱ ትመልሳለች። እብጠቱ ውስጥ ፊትን የሚያንቀሳቅስ ነርቭ ያልፋል። ቢጎዳ ከንፈር ይጣመማል፤ ዓይን አልከደን ይላል። መድኃኒት እንሰጥዎታለን፤ ነርቩን በመብራት ለማየት እንሞክራለን። ሽንትዎ ለአንድ ቀን በጣም ደማቅ ቢጫ ሊሆን ይችላል፤ አይደንግጡ። ዲንኪቱ «እንሞክራለን» የሚለውን «እንሞክራለን» አለችው፤ «እናያለን» አላለችውም።

ሽማግሌው ከንፈሩ አላስጨነቃቸውም። «ዓይኔ ካልተከደነ» አሉ፣ «አቧራውን ምን ላድርገው? የእኛ አገር ንፋስ ሲነሳ ከብቱ እንኳን ዓይኑን ይጨፍናል።»

ተረጎመችው። ዶክተር አምሀ «እኔም የምፈራው ዓይንዎን ነው» አለ። ይህንንም ተረጎመችው።

ዋሪዮ አሁን ከሐኪሙ ወደ እሷ ዞሩ። «አንቺ ብትሆኚስ፣ ልጄ? ትገቢ ነበር?»

ዲንኪቱ እንደ ልማዷ ወደ ሐኪሙ ዞራ «አንቺ ብትሆኚስ፣ ትገቢ ነበር? ብለው ጠየቁ» አለች።

«ይሄ ለእኔ አይመስለኝም» አላት ዶክተር አምሀ።

የምትቆምበት ጠፋት። ወደ መስኮቱ ሄደች፤ ተመለሰች። ከሠላሳ ዓመት ገደማ ሥራ በኋላ በሁለት ሰዎች መሐል ቆማ የራሷን ቃል የጠየቃት ሰው ይህ የመጀመሪያው ነው። በመጨረሻ ሻርፗን ከአንገቷ ፈታችና አሳየቻቸው።

«እኔም ለዚሁ ነው የመጣሁት፣ አባ። ፈርቼ ልወጣ በር ላይ ነበርኩ። ሻንጣዬ አሁንም ዘበኛው ዘንድ ነው። እገባለሁ ብልዎት እዋሻለሁ፤ አልገባም ብልዎትም እዋሻለሁ።»

ሽማግሌው አንገቷን አተኩረው አዩ። ሳቁ። «እንግዲያው እኔ ነገ ልግባ። አንቺ ፊቴን አይተሽ ወስኚ።»

በማግሥቱ ዋሪዮ ሲገቡ ሙሉነህ ዲንኪቱን ለማስቀመጥ ሞክሮ ተወው። ኮሪደሩን ተመላልሳ ስታበቃ የኦፕራሲዮኑን ክፍል በር ታንኳኳለች፤ «አልወጡም?» ትላለች፤ «ገና ናቸው» ይሏታል፤ ደግሞ ትዞራለች። ሰውየውን ያወቀቻቸው ትናንት ነው። የምትጨነቀው ግን ለአባቷ ያህል ነበር። ሲወጡና ሲነቁ ነርሷ መጥታ ጠራቻት። ዶክተር አምሀ የሚለውን ትደግማለች፦ ግንባርዎን ያጨማድዱ፤ ጉንጭዎን ይንፉ፤ ጥርስዎን ያሳዩ። የግራው የከንፈራቸው ጫፍ ትንሽ ዘገየ።

«አሁን ዓይንዎን ይጨፍኑ።»

ሁለቱም ዓይኖች ተከደኑ። እንደ ሕፃን ጥብቅ አድርገው ጨፈኑና አልከፍትም አሉ። ዲንኪቱ «ይበቃል አባ፣ ይክፈቱ» እስክትላቸው ድረስ።

ኮሪደር ላይ ዶክተር አምሀ ሳትጠይቀው «የእርሳቸው ነርቭ ቅርብ ነበር፤ ቁልጭ ብሎ በራልን። የእርስዎ ሌላ ነው» አላት።

«ነግረውኛል» አለች። «መቼ ነው የምገባው?»

የሷ ቀን ሲደርስ መድኃኒቱን በጠዋት ክንዷ ላይ ሰጧት። መስኮቱ ጋ ቆማ ነው የተወጋችው፤ ነርሷ «ይቀመጡ» ማለቱን ትታዋለች። ማደንዘዣው ሊሰጣት ሲል የመጨረሻ ድምጿ እንዳይሆን ፈርታ አንድ ነገር ማለት አሰበች። በሦስት ቋንቋ ፈልጋ ምንም አልመጣላትም።

ስትነቃ መጀመሪያ ያወቀችው አየሩን ነው። አየሩ ሳይታገላት ገባ፤ እንደዚያ ከተነፈሰች ስንት ዘመኗ። ከዚያ ለመናገር ሞከረች። የወጣው አሸዋ ላይ የሚጎተት ቆርቆሮ ነው።

ዶክተር አምሀ አጠገቧ ተቀመጠ። «በቀኝ በኩል ነርቩ በመብራቱ ታየን። እንቅርቱ ላይ ተለጥፎ፣ እኔ ደም ሥር ነው ብዬ ልቋጥረው የነበረ ቦታ ነው የበራው። እጄን መለስኩ። በግራ በኩል መብራቱ ምንም አላሳየንም፤ ከአጥንቱ ኋላ ጥልቅ ነበር። በዓይንና በጣት፣ በድሮው መንገድ ነው የሄድነው። አልተቆረጠም፤ ግን ተለጥጧል። ይመለሳል ብዬ አስባለሁ። መቼ እንደሆነ አላውቅም።»

ዋሪዮ ፋሻቸውን እንደታሰሩ ሊጠይቋት መጡ። «ተናገሪ እስቲ» አሏት። «ናጋ» አለች በዚያ በተሰነጠቀ ድምፅ። ጆሯቸውን አስጠግተው ደግመው ሰሙት። ከዚያ ለሙሉነህ በተሰባበረ አማርኛ «አለ። ቀጭን ነው፤ ግን አለ» አሉት።

ነገሌ ከተመለሰች በኋላ ያሉት ወራት ከሁሉም የከፉ ነበሩ። ችሎት መግባት አልቻለችም፤ ቤት መቀመጥም አልቻለችም። ጠዋት ጠዋት ድምጿን ትሞክራለች፤ አንድ ቀን ይሻላል፤ በማግሥቱ ይብሳል። ከሙሉነህ ጋር በሆነ ባልሆነው ተጣላች፤ ጮኻ መጣላት ስላልቻለች የባሰ ተናደደች። እሱ አንድ ቀን ብቻ ትዕግሥቱ አልቆ «እኔ እኮ ልሰማሽ ነው የምፈልገው፤ ጆሮዬን ላምጣልሽ?» አለና አጠገቧ ሄዶ ጆሮውን ደቀነላት። ዲንኪቱ አለቀሰች።

ሸምሳ በዚያ ሰሞን መጣች። ሁለቱ በሹክሹክታ ተነጋገሩ። ሸምሳ ስለ መብራቱ ሰምታለች። «የእኔንስ ያሳያቸው ይሆን?» አለች። ዲንኪቱ ይህን ጥያቄ ለዶክተር አምሀ አስቀድማ ጠይቃው ነበር። መልሱን ቀንሳ ልትነግራት እስከ ምላሷ ጫፍ መጣ። አልሆነላትም።

«መብራቱ ያሳያል እንጂ የተበጠሰ አይቀጥልም ብሎኛል። የተቆረጠው ቢታይም አይመለስም።»

ሸምሳ «ለሚመጡት ይሁን» አለች፤ ነጠላዋን ሰብስባ ሄደች። ዲንኪቱ ያን ቀን ከከተማው ጫፍ እስከ ጫፍ ሄደች፤ ልክ እንዳደረገች ታውቃለች፤ ግን ልክ ማድረጓ አላሳረፋትም።

ድምጿ ከወራት በኋላ ተመለሰ፤ ያ የድሮው ግን አይደለም። ወፍራምነቱ አለ፤ ጉልበቱ የለም፤ ከፍ ሲል ይሰነጠቃል። ኋላ ወንበር አይደርስም። ፍርድ ቤት ስትመለስ ከዳኛው ጠረጴዛ ተጠግታ እንድትቆም ተፈቀደላት፤ ረጅም ክርክር ሲሆን ሰለሞን የሚባል ሌላ አስተርጓሚ ይቀበላታል። መጀመሪያ አፈረች፤ ኋላ ለመደችው።

አሁን ዶክተር አምሀ ከቆላው የመጣ ኦሮምኛ ተናጋሪ በሽተኛ ሲገጥመውና አስተርጓሚ ሲያጣ ይደውልላታል። ስልኩን ከፍ ያደርጉታል፤ እሷ ነገሌ ሆና ግቢዋን እየዞረች ታስተረጉማለች። በቅርቡ ከሞያሌ የመጣች ሃያት የምትባል ሴት ነበረች፤ ከጆሮዋ ሥር እብጠት አለባት። ዲንኪቱ ስለ መድኃኒቱ፣ ስለ ሰማያዊው መብራት፣ ስለ «እንሞክራለን» ስትነግራት ሃያት አቋረጠቻት።

«አንቺ ግን ድምፅሽ ምን ሆኖ ነው?»

ዲንኪቱ መራመዷን አቆመች። ለዶክተር አምሀ «ድምፅሽ ምን ሆኖ ነው ትለኛለች» አለችው።

«ይንገሯት» አለ። «እኔ እጠብቃለሁ።»

ዲንኪቱም ታሪኳን በኦሮምኛ ጀመረችላት፣ ትንፋሿ ከተቋረጠበት ከፊልቱው አዳራሽ።